የተሰበረ ልብና የማይመረመር ተስፋ

ወገኖቼ፣ «በስቴም ሴል ልብ እንደ አዲስ ይሠራል» የሚል ማስታወቂያ በየግሩፑ ሲዞር እያየሁ ነው። ለታመመ ዘመዳችን ገንዘብ ከማዋጣታችን በፊት ይህን ታሪክ አንብቡልኝ።

በ2001 እ.ኤ.አ. በኒውዮርክ ይሠራ የነበረው ጣሊያናዊው ፒዬሮ አንቬርሳ ከባልደረቦቹ ጋር፣ የመቅኒ ሴሎች በተጎዳ የአይጥ ልብ ላይ አዲስ ጡንቻ አበቀሉ ብሎ «ኔቸር» መጽሔት ላይ ጻፈ። ዓለም በደስታ ተቀበለው። ብዙም ሳይቆይ በሰው ላይ ሙከራ ተጀመረ። በ2004 ግን ሁለት ቡድኖች ሥራውን ደግመው ቢሞክሩት አዲስ ጡንቻ አላገኙም። በ2009 በስዊድን የዮናስ ፍሪሴን ቡድን የልብ ሴሎችን ዕድሜ ለካ፤ በ25 ዓመታችን የሚታደሰው በዓመት 1 በመቶ ያህል፣ በ75 ዓመታችን ደግሞ ከግማሽ በመቶ በታች ነው። በ2018 ሃርቫርድና ብሪገም ሆስፒታል የተጭበረበረ መረጃ አለባቸው ያሏቸው 31 የአንቬርሳ ቤተ ሙከራ ጽሑፎች እንዲሰረዙ ጠየቁ።

አሥራ ሰባት ዓመት! ስንት ታማሚ በተስፋ ጠበቀ?

ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ የምላቸውን ለእናንተም ልበል፦ ትልቅ ነገር ስትሰሙ «ሌላ ማን ሞክሮ አገኘው?» ብላችሁ ጠይቁ። እኛ ስደተኞች በተስፋ ነው የምንኖረው። ለዚህም ነው ተስፋ ሻጭ ቶሎ የሚያገኘን። መጀመሪያ የልብ ሐኪም ይጠየቅ፣ መዋጮው ከዚያ ይደርሳል።