አደራ ወይስ ማኅበር? ንብረት የሚጠበቀው ከማን ነው?

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ መንገደኛ ከሚሴን ሳያይ አያልፍም። በጎዳናው ግራና ቀኝ የሚታዩት ሱቆች፣ ወፍጮ ቤቶችና ሆቴሎች አብዛኞቹ የአንድ ቤተሰብ የዕድሜ ልክ ድካም ውጤቶች ናቸው። ባለቤታቸው ዕዳ ቢጫነው ወይም በሞት ቢለይ ዕጣቸው ምን ይሆናል? ለዚህ ጥያቄ ታሪካችን ሁለት መልሶችን አስተላልፎልናል።

አንደኛው ወቅፍ ነው። ሙስሊም የሆነ ባለንብረት ቤቱን ወይም ኪራዩን ለመስጊድ፣ ለመድረሳ ወይም ለችግረኞች ለይቶ ይሰጣል፤ ከዚያ ወዲያ ያ ንብረት አይሸጥም፣ አይወረስም። የዘውዱ መንግሥት በ1936 ዓ.ም. ባወጣው አዋጅ የወቅፍን ጉዳይ ለቃዲዎች ፍርድ ቤቶች ሰጥቷል፤ አዋጅ ቁጥር 188/1992ም ይህንኑ ሥልጣን ለፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች አጽንቷል። ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ረኔ ዳቪድ ያረቀቀው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም የወቅፍን የቅርብ ዘመድ፣ ዛሬ ትረስት የምንለውን ሥርዓት፣ ከእንግሊዝ የሕግ ልማድ ቀድቶ አስገባልን። ንብረቱን የሚያስተዳድረው ሰው የግሉ ዕዳ ቢኖርበት እንኳ ባለገንዘቦቹ በአደራው ንብረት ላይ እጃቸውን ማሳረፍ አይችሉም።

ሁለተኛው መልስ በዚያው ዓመት የወጣው የንግድ ሕግ ያመጣልን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ነው። ቢያንስ ሁለት አባላትና 15,000 ብር ካፒታል ይጠይቅ ስለነበር ብዙ ነጋዴ ሚስቱን ወይም ልጁን ለስሙ ያህል አባል አድርጎ አቋቁሞታል። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ ግን አንድ ሰው ብቻውን እንዲያቋቁመው ፈቅዷል።

አንባቢ ሆይ፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት ጋሻ አይደሉም። ማኅበሩ ቢከስር የባለቤቱ መኖሪያ ቤት አይነካም፤ ባለቤቱ ሲሞት ግን ድርሻው በወራሾች መካከል ይከፋፈላል። ባንኩም ሲያበድር ብዙ ጊዜ ያንኑ መኖሪያ ቤት በመያዣነት ስለሚጠይቅ፣ ሕጉ የሠራውን አጥር ነጋዴው በገዛ ፊርማው ያፈርሰዋል። አደራው በአንጻሩ ንብረቱን ከመከፋፈል ያድነዋል፤ ዋጋው ግን ከባድ ነው። ሰጪው በንብረቱ ላይ እንደ ልቡ የማዘዝ መብቱን ያጣል።

ይሁንና ሁለቱም ያላዳኑበት ዘመን አለ። በጥር 1967 ደርግ ታላላቅ ኩባንያዎችን ሲወርስ የማኅበርነት ሕጋዊ ሰውነት ማንንም አልታደገም። በየካቲት የገጠር መሬት፣ በሐምሌ ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶች ተወረሱ፤ የሃይማኖት ተቋማት ያከራዩአቸው የነበሩ ቤቶችም አልቀሩም። በአንድ ዓመት ውስጥ የአክሲዮን ሰነዱም የአደራው ቃልም ወረቀት ሆኑ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ቤትንና ሌላ ንብረትን ለግለሰብ መልሶ ቢያረጋግጥም መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንደሆነ ቀጥሏል።

በእኛው ዘመን ደግሞ ሌላ ፈተና መጣ። በ2013 ዓ.ም. በከሚሴ ጎረቤት በአጣዬ ቤቶች ተቃጠሉ፤ በ2014 ጦርነቱ ከሚሴ ድረስ ዘለቀ። እሳት የማኅበርን መዝገብ ከወቅፍ ሰነድ ለይቶ አያውቅም።

እንግዲህ ምን ይበጃል? ንግዱን በማኅበር፣ ለትውልድ እንዲተርፍ የታሰበውን በአደራ ማድረግ ከታሪክ የምንቀስመው ብልሃት ነው። በከሚሴ ገበያ ሰው ንብረቱን ለሰው የሚሰጠው «አማና» ብሎ ነው፤ ትርጉሙ አደራ ነው። ነጋዴው አደራውን በጽሑፍ ቢያደርግ የራሱን ድርሻ ተወጥቷል። የቀረው የመንግሥት ድርሻ ነው፤ መንግሥት ራሱ ለሕግ ካልተገዛና የዜጎችን ሰላም ካልጠበቀ የትኛውም የሕግ ባለሙያ የሚጽፈው ጋሻ አይሆንም። ከሁሉ በፊት ማስከበር ያለብን ይህን ትልቁን አደራ ነው።

ቸር ይግጠመን!