‹ሃርሞኒክ ማጣሪያ›፦ የስያሜው አመጣጥና ፍች

የሙያ ቃል ከአንድ የዕውቀት ዘርፍ ወደ ሌላው ሲሸጋገር የቀድሞ ትርጉሙን ርዝራዥ ይዞ ይሄዳል። በፋብሪካ ውስጥ ከሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ ጋር የሚተከለው፣ በእንግሊዝኛ «ፓሲቭ ሃርሞኒክ ፊልተር» የተባለው መሣሪያ ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። ሦስቱም ቃላት በቁማቸው ቢተረጎሙ ሠራተኛውን ስለሚያሳስቱ፣ የአማርኛ ስያሜ ከመጠቆማችን አስቀድመን አመጣጣቸውን እንመረምራለን።

«ሃርሞኒክ» ከግሪክ ቋንቋ የመጣ ሲሆን ሥረ ፍቹ መጋጠም፣ መስማማት ነው። ቃሉ በሙዚቃ ጥናት ሲሠራበት ኖሯል፤ አንድ የክራር አውታር ሲመታ ከመሠረታዊው ድምፅ ጋር የእርሱ እጥፍ፣ ሦስት እጥፍ፣ አራት እጥፍ ድግግሞሽ ያላቸው ድምፆች አብረው ይሰማሉና። ፈረንሳዊው ዦዜፍ ፉርዬ በ1822 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የሙቀት ጥናት መጽሐፉ፣ ተደጋጋሚ ሞገድ እንዲህ ያሉ ብዜቶች ድምር ሆኖ ሊገለጽ እንደሚችል አስረዳ። ከዚያ ወዲህ ቃሉ የሙዚቃ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የሒሳብም ሆነ፤ ከሒሳብም ወደ ኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተሻገረ።

በኤሌክትሪክ መስመር ላይ ግን ስምምነትን ሳይሆን ሁከትን ይጠራል። በ1957 እ.ኤ.አ. ታይሪስተር ከተሠራ ወዲህ የሞተርን ፍጥነት በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ መቆጣጠር እየተስፋፋ ሄደ። የተለመደው መቆጣጠሪያ ተለዋዋጩን ኮረንቲ በቅድሚያ ወደ ቀጥታ ኮረንቲ ስለሚለውጥ፣ ከመስመሩ የሚስበው በለስላሳ ሞገድ ሳይሆን በቁርጥራጭ ነው። ስድስት ዲዮድ ያለው ባለ ሦስት ፌዝ መለወጫ 5ኛውን፣ 7ኛውን፣ 11ኛውንና 13ኛውን ብዜት ይፈጥራል፤ ይኸውም በ50 ኸርዝ መስመር 250፣ 350፣ 550ና 650 ኸርዝ ማለት ነው። እነዚህ ትራንስፎርመርንና ገመድን ያግላሉ፤ 5ኛው ደግሞ በዚያው መስመር ያሉትን ሌሎች ሞተሮች ወደ ኋላ ለማዞር ይታገላል። ስለዚህ «ሃርሞኒክ»ን «ኅብር» ወይም «ስምረት» ብሎ መተርጎም ነገሩን መገልበጥ ነው።

«ፊልተር» በኤሌክትሪክ ሙያ የታወቀው በስልክ ምክንያት ነው። በ1915 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ጆርጅ ካምቤልና ጀርመናዊው ካርል ቪሊ ቫግነር፣ አንዱ ከሌላው ሳይማከር፣ የሞገድ ማጣሪያን ፈለሰፉ። የእነርሱ መሣሪያ የሚፈለገውን ድግግሞሽ አሳልፎ የማይፈለገውን ስለሚያስቀር ከጠላ ማጥለያ ጋር ይመሳሰላል። በፋብሪካ የተለመደው ዓይነት ግን ኮረንቲው በውስጡ አያልፍም፤ ጥምጥም ሽቦና ካፓሲተር በተከታታይ ተያይዘው በመስመሩ ጎን ይቆማሉ። ለተቃኙበት ድግግሞሽ ቀላል መንገድ ስለሚከፍቱ፣ ባዕዱ ኮረንቲ ወደ መስመሩ ከመዝለቅ ይልቅ በእነርሱ በኩል ይዞራል። ይህ ከወንፊት ይልቅ ጎርፍ ከማሳ የሚቀለብስ ቦይን ይመስላል። ለ5ኛው ብዜት የሚሠራው ብዙውን ጊዜ ከ250 ኸርዝ ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ ለምሳሌ በ235 ኸርዝ፣ ይቃኛል። የክራር ተጫዋች «መቃኘት» የሚለው ቃል እዚህ ያለ እንከን ያገለግላል።

ዋናው ጥንቃቄ የሚያስፈልገው «ፓሲቭ» ላይ ነው። በሰዋስው «ተገብሮ» ይባላል፤ በዚህ ሙያ ግን ድርጊት የሚቀበል ማለት አይደለም። «ኃይል አልባ» ማለት ደግሞ ለሕይወት ያሰጋል፤ ካፓሲተሩ መስመሩ ከተቋረጠ በኋላም ኤሌክትሪክ አምቆ ሊቆይ ስለሚችል፣ ስሙን አምኖ የሚነካው ሠራተኛ ይጎዳል። ቃሉ የሚያመለክተው መሣሪያው የራሱ የኃይል ምንጭ የሌለው መሆኑን ብቻ ነው።

ስለሆነም «ሃርሞኒክ» እንዳለ እንዲወሰድ፣ «ማጣሪያ» ስለተለመደ እንዲጸና፣ «ፓሲቭ» «ምንጭ አልባ» እንዲባል እናቀርባለን። ፍቹም እንዲህ ይሁን፦

ምንጭ አልባ ሃርሞኒክ ማጣሪያ (ስም)፦ ከጥምጥም ሽቦና ከካፓሲተር የተሠራ፣ የመሠረታዊው ድግግሞሽ ብዜት የሆነን ኮረንቲ ከመስመር የሚቀለብስ መሣሪያ። መስመሩ ቢቋረጥም ኤሌክትሪክ አምቆ ሊቆይ ይችላል።

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር በመዝገበ ቃላት ልማድ ትርፍ ሊመስል ይችላል። እኛ ግን ከፍቹ ሊለይ እንደማይገባው እናምናለን።