ከላሟ እስከ ኪኒኑ

ባለፈው ወር ከዕቁባችን በኋላ ቡና እየጠጣን ሳለ አንዲት እህታችን አንድ ጥያቄ አነሳች። «ካንሰሩ በኦፕራሲዮን ወጥቷል ተባልኩ። ታዲያ አምስት ዓመት ሙሉ ኪኒን የምውጠው ለምንድን ነው?» ለካስ ታሞክሲፌን የሚባለውን መድኃኒት አቁማ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጣዋለች። መልስ ለማግኘት የኪኒኑን ታሪክ አብረን አነበብን፤ ለእናንተም እናካፍላችሁ። ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩ የሚጀምረው በላም ነው። ጆርጅ ቢትሰን የተባለ ስኮትላንዳዊ ሐኪም፣ በወጣትነቱ ጡት ወተት እንዴት እንደሚያመነጭ ያጠና ነበር። በአንዳንድ አገሮች ገበሬዎች የወለደች ላም ወተቷ እንዳይነጥፍ ኦቫሪዋን፣ ማለትም እንቁላል የሚያመነጨውን ክፍል፣ እንደሚያወጡ ተረዳ። ስለዚህ ኦቫሪ በሩቅ ሆኖ ጡትን ያዛል ማለት ነው ሲል አሰበ። በ1895 ግላስጎው ከተማ፣ ካንሰሩ የተስፋፋባትን የ33 ዓመት ሴት ኦቫሪዎች አወጣ። ዕጢው እየሟሸሸ ሄደ፤ ሴትዮዋም ዓመታት ጨምራ ኖረች፤ በመጨረሻ ግን በሽታው ተመለሰባት። ያን ጊዜ «ሆርሞን» የሚለው ስም እንኳ ገና አልወጣም ነበር፤ የወጣው በ1905 ነው።

ሌሎች ሐኪሞችም ይህን ኦፕራሲዮን ሞከሩት። የተጠቀመችው ግን ከሦስት ሴቶች አንዷ ገደማ ብቻ ነበረች። ምክንያቱ የታወቀው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ አሜሪካዊው ኤልዉድ ጄንሰን ኢስትሮጅን የተባለው የሴት ሆርሞን በሕዋስ ውስጥ የሚያርፍበት «መቀበያ» እንዳለ ሲያሳይ ነው። መቀበያው ያለው ካንሰር በሆርሞኑ ይመገባል፤ የሌለው አይመገብም። ዛሬ ከዕጢው ናሙና ተወስዶ የሚመረመረው ይህን ለመለየት ነው።

ኪኒኑን በ1962 እንግሊዝ አገር የሠራችው ሴት ኬሚስት ናት፤ ዶራ ሪቻርድሰን ትባላለች። የታሰበው ለእርግዝና መከላከያ ነበር፤ ለዚያ ግን አልሆነም። በ1971 ሐኪሟ ሜሪ ኮል እና ባልደረቦቿ በማንቸስተር ከተማ የጡት ካንሰር ባለባቸው ሴቶች ላይ ሞክረው ውጤቱን አሳተሙ። ታሞክሲፌን መቀበያውን ቀድሞ ይይዝበታል፤ ሆርሞኑ ሲመጣ በሩ ተይዟል። ቢላዋ የሚሠራውን ሥራ ኪኒን ተረከበው።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ ሌላ ነገር ታየ። በሰውነታችን ውስጥ ክፉውን ከደጉ የሚለዩ ነጭ የደም ሕዋሶች እንደ ሰፈር ዘበኛ ይዞራሉ። ካንሰር ከእነሱ መደበቅ ይችላል። የኢስትሮጅን መቀበያ በካንሰሩ ብቻ ሳይሆን በእነዚህ ዘበኞችም ውስጥ ይገኛል። በአይጦች ላይ በተደረጉ ሙከራዎች፣ ኢስትሮጅን ዘበኞቹን የሚያፈዝዙ ሕዋሶችን ሲያበዛ ታይቷል። ስለዚህ ሆርሞን ካንሰርን መመገብ ብቻ ሳይሆን መሸሸጊያም ሊሰጠው ይችላል ማለት ነው። በሰው ላይ ይህን ወደ ሕክምና ለመለወጥ ጥናቱ እንደቀጠለ ነው።

ለእህታችን ያገኘነው መልስ ይህ ነው፦ ኦፕራሲዮን የሚያወጣው በዓይን የሚታየውን ዕጢ ነው። ያልታዩ ጥቂት ሕዋሶች ተደብቀው ከቀሩ ግን፣ ኪኒኑ ዓመት ከዓመት ምግባቸውን ይከለክላቸዋል። ሰው ጤና ሲሰማው መድኃኒት መተው ይቀለዋል፤ አደጋውም እዚያ ላይ ነው። ኪኒኑ ሰውነትን እያጋለ ካስቸገረም ለሐኪም መንገር እንጂ በራስ ማቆም አይገባም።

እህታችን ወደ ሐኪሟ ስትመለስ ሁለታችን አብረናት ሄድን፤ የትራንስፖርቱን ከማኅበራችን ሣጥን ከፈልን። ኪኒኑን እንደገና ጀምራለች። ከእናንተም መካከል መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጠች ካለች ትንገረን፤ ብቻዋን አትሄድም።