አንድ መኪና ለብዙ ሰው፤ የቨርቹዋል ማሽን ታሪክና የሙያው አጀማመር

በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ሁለት መስመሮች አሉት። አንደኛው ከእኛ ከቃሊቲ፣ ሁለተኛው ከአያት ይነሣል። ሁለቱም ከስታዲየም እስከ ልደታ በአንድ ሐዲድ እንዲሄዱ ተደርገው ተሠርተዋል። ተሳፋሪው ግን ሐዲዱ የጋራ መሆኑን ልብ አይልም፤ ተራ የሚያስጠብቅ ተቆጣጣሪ አለና። ቨርቹዋላይዜሽን የሚባለው ጥበብም ይህን ይመስላል። አንዱ ኮምፒዩተር በውስጡ እንደ ብዙ ኮምፒዩተሮች ሆኖ ይሠራል፤ በእያንዳንዱ ላይ የሚሠራው ሰውም መኪናው የብቻው ይመስለዋል። ጊዜውንና የማስታወሻ ቦታውን የሚያከፋፍለው ፕሮግራም ሃይፐርቫይዘር ይባላል።

ይህ ጥበብ የተወለደው ከእጥረት ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1960ዎቹ መጀመሪያ አንድ ትልቅ ኮምፒዩተር ሙሉ ክፍል ይይዝ ነበር፤ ዋጋውም እጅግ ከባድ ስለ ነበረ ታላላቅ ድርጅቶች እንኳ ይከራዩት ነበር። ፕሮግራም የሚጽፈው ሰው ሥራውን በተበሳ ካርድ አስረክቦ ውጤቱን ለማየት ሰዓታት ይጠብቃል። አንዲት ምልክት ከተሳሳተችበት ካርዱን አርሞ እንደ ገና ወረፋ መያዝ ነው። በ1961 በአሜሪካ በኤም. አይ. ቲ. ፈርናንዶ ኮርባቶና ባልደረቦቹ አንድ መኪና ብዙ ሰዎችን በፍጥነት እያፈራረቀ የሚያገለግልበትን ዘዴ አሳዩ። በዚያ ሥራ ተካፋይ የነበረው ሮበርት ክሪሲ ወደ አይ. ቢ. ኤም. ኩባንያ ገብቶ በ1964 መጨረሻ ከሌስ ኮሞ ጋር አንድ ደፋር አሳብ አፈለቀ፤ ይኸውም ለእያንዳንዱ ሰው ሙሉ መኪና የሚመስል ነገር መስጠት ነው። ሲ. ፒ. 40 የተባለው ሥራቸው በጥር 1967 አገልግሎት ጀመረ፤ በአንድ መኪና ላይም 14 ቨርቹዋል ማሽኖችን ያስኬድ ነበር።

እኔን የሚደንቀኝ ኩባንያው ተስፋውን የጣለው በዚህ ላይ አለመሆኑ ነው። ብዙ ሰውና ገንዘብ የፈሰሰበት ቲ. ኤስ. ኤስ. የተባለው ሥርዓት ሲጓተት፣ ጥቂት ሰዎች በካምብሪጅ ከተማ የሠሩት ሲ. ፒ. 67 በደንበኞች ዘንድ ተወደደ። በነሐሴ 1972 ኩባንያው ራሱ ተከታዩን ቪ. ኤም. 370 ብሎ በይፋ አወጣው።

ትንንሾቹ ኮምፒዩተሮች ሲረክሱ ጥበቡ ችላ ተባለ፤ መኪና ያላጣ ሰው ስለ ማካፈል ምን ይጨነቃል? በኋላ ግን በየመሥሪያ ቤቱ የተደረደሩት ሰርቨሮች አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ፈትተው መብራት ብቻ ይበሉ ጀመር። በ1998 የተቋቋመው ቪ. ኤም. ዌር ለዚህ ጥበብ ያልተሠራውን የተራ ኮምፒዩተር አንጎል በብልሃት አስገደደው። በ2007 ደግሞ ኬ. ቪ. ኤም. የሊኑክስ ክፍል ሆነና ጥበቡ ያለ ክፍያ በማንም እጅ ገባ።

ወላጆቻችን ይህን ሙያ ለመጀመር ምን ያህል ገንዘብ ያስፈልጋል ብለው ቢጠይቁ፣ መልሱ ያገለገለ ላፕቶፕ ነው። 8 ጊጋባይት ራም ካለው ሁለት ሦስት ትንንሽ ማሽኖችን ይሸከማል። በባዮስ ውስጥ ቨርቹዋላይዜሽንን ማብራት፣ ሊኑክስን መማር፣ በቨርቹዋልቦክስ ሁለት ማሽኖች ሠርቶ በኔትወርክ ማገናኘት፣ ከዚያም ሆን ብሎ አበላሽቶ መጠገን ነው። የአንዱን ኩባንያ ቁልፎች ብቻ መሸምደድ ግን አይበጅም። በኅዳር 2023 ብሮድኮም ቪ. ኤም. ዌርን ከገዛ በኋላ የዘላለም ፈቃድ መሸጥ ቀርቶ ኪራይ ብቻ ሆነ፤ ብዙ ድርጅቶችም ሌላ መፈለግ ጀመሩ። የውጭ ምንዛሪ እንደ ልብ ለማይገኝበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በአገራችንም በጎሮ አይ. ሲ. ቲ. ፓርክ እነ ዊንጉና ራክሲዮ የመረጃ ማእከል ሠርተዋል፤ ኢትዮ ቴሌኮምም ቴሌክላውድ የተባለ አገልግሎት ይሰጣል። ጀማሪው ግን በቀጥታ እዚያ አይደርስም፤ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ኮምፒዩተር የተበላሸበትን ሠራተኛ በመርዳት ነው።

መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ለሚለማመድ አንድ ነገር ልጨምር። ስናፕሾት ማሽኑን ወደ ትናንት ሁኔታው ይመልሳል፤ ነገር ግን የሚቀመጠው በዚያው ዲስክ ላይ ነው። ዲስኩ ከተቃጠለ ስናፕሾቱም አብሮ ይሄዳልና፣ ቅጂው በሌላ ዲስክ ላይ ይቀመጥ።