ሥነ ልቡና ከየት መጣ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤት አባላትና ምእመናን፥ በገለጉ ከመርሐ ግብር በኋላ አንድ ወጣት «ሥነ ልቡና መማር ከሃይማኖት ያርቃልን?» ሲል ጠየቀኝ። መልሱን ከታሪክ እንመልከት።

ሥነ ልቡና ራሱን የቻለ ጥናት ሆኖ የሚቆጠረው ዊልሄልም ቩንት እ.ኤ.አ. በ1879 በጀርመን አገር በላይፕዚግ ቤተ ሙከራ ካቋቋመ ወዲህ ነው። ቩንት ግን የፍልስፍና ፕሮፌሰር ነበረ፤ ጥያቄውንም የወረሰው ከቀደሙት ነው። ፕላቶ ነፍስን በማሰብ፣ በቁጣና በምኞት ከፍሎ አስተምሯል፤ ደቀ መዝሙሩ አርስቶትልም ስለ ነፍስ መጽሐፍ ጽፏል። ጥናቱ በግሪክኛ ከነፍስ ስሙን ሲያገኝ፣ በእኛ ቋንቋ ከልብ አግኝቷል።

አባቶቻችን ይህን ጥበብ ሳይመረምሩ አልተቀበሉትም፤ እንግዳ ነው ብለውም አልጣሉትም። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አባ ሚካኤል «አንጋረ ፈላስፋ»ን ከዓረብኛ ወደ ግእዝ መልሶልናል። ሰው ከአራቱ ባሕርያተ ሥጋ፥ ከነፋስ፣ ከእሳት፣ ከውኃና ከመሬት፥ እንዲሁም ልባዊት፣ ነባቢትና ሕያዊት ከሆነች ነፍስ እንደ ተፈጠረ እንማራለን። አራቱን ባሕርያት የግሪክ ፈላስፎችም ያውቋቸው ነበር፤ ሐኪሞቻቸውም የሰውን ጠባይ በአራት የከፈሉት ከዚህ ተነሥተው ነው። አባቶች ግን ባሕርያቱ ራሳቸው ፍጡራን መሆናቸውን ለይተው አስተማሩ።

ሌላም ምሳሌ አለ። ቅዱስ ጳውሎስ በአቴና ካነጋገራቸው መካከል ኢስጦኢኮች ይገኙበታል (ሐዋ. 17፥18)። ከእነርሱ ወገን የሆነው ኤፒክቴተስ፣ ሰውን የሚያውከው የገጠመው ነገር ሳይሆን ስለ ነገሩ ያለው ፍርድ ነው ብሎ ያስተምር ነበር። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አልበርት ኤሊስ የምክር ሕክምናውን ሲመሠርት ይህን ትምህርት መነሻ አድርጎታል። ሐሳብን መመርመር ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ ማር ይስሐቅን ጨምሮ መጻሕፍተ መነኮሳት የልብን ሐሳብ ስለ መጠበቅ በስፋት ያስተምራሉ።

እንግዲህ ወጣቱ ይማር፤ ነፍስን የሚክድ ፍልስፍና ሲያጋጥመው ደግሞ ይለይ። እኛም በኀዘን የተዋጠውን ወንድማችንን «እምነት ስለ ጎደለህ ነው» ብለን አናሸማቅቀው። ወደ ንስሐ አባቱ እንምራው፤ ወደ ባለሙያም እንዲሄድ እናግዘው። ባለሙያ በቅርብ ባይገኝ እንኳ አጠገቡ ተቀምጠን እናድምጠው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።