የደጋን እንጨት

ዳላስ ውስጥ ጥቅምት ላይ በእግር ስትወጡ አንዳንድ ዛፍ ሥር የሚያስደነግጥ ፍሬ ወድቆ ታገኛላችሁ። መጠኑ የትልቅ ብርቱካን ያህል ነው፤ አረንጓዴ፣ ከባድ፣ ቆዳው እንደ አንጎል የተጨማደደ። እናቴ ልትጠይቀኝ የመጣች ጊዜ አንዱን አንስታ አገላብጣ አየችውና፣ «አንተ፣ ይሄ ይበላል?» አለችኝ።

እኔም የዘመኑ ሰው ነኝና ስልኬን አውጥቼ ፎቶ አነሳሁት። አፑ ሁለት ሰከንድ አልፈጀበትም፦ ማክሉራ ፖሚፌራ። ጮክ ብዬ አነበብኩላት።

«እሱማ ስሙ ነው» አለች። «ለምን ይሆናል?»

መልስ አልነበረኝም። ቤት ገብቼ ማንበብ የጀመርኩት ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ዛፉን ከሌላው ለይቶ ማወቅ። ፍሬው ብቻ አይበቃም፤ ምክንያቱም ዛፉ ወንድና ሴት አለው፣ ወንዱ ደግሞ አያፈራም። ስለዚህ ሌላውን ምልክት ማየት ነው። ቅጠሉ አንጸባራቂ፣ ጠርዙ ጥርስ የሌለው ነው። ቅጠሉ ቅርንጫፉን በሚይዝበት ብብት ላይ አንዲት ጠንካራ እሾህ ትበቅላለች። ቅጠሉን ብትቀነጥሱት ነጭ ወተት ይወጣዋል። ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ሾላና ዋርካም እንዲሁ ናቸው፣ ሦስቱም የአንድ ቤተሰብ ዛፎች ናቸው። የግንዱ ቅርፊት ስንጥቁ ውስጥ ብርቱካናማ ሲሆን፣ እንጨቱ ሲፈለጥ ደማቅ ቢጫ ነው፤ ፀሐይ ሲያገኘው ቀስ በቀስ ይጠቁራል። ፍቅፋቂውን ውኃ ውስጥ ብትጨምሩት ውኃው ቢጫ ይሆናል።

ቴክሳስ ውስጥ ሽማግሌዎች ይህን ዛፍ «ቦዳርክ» ይሉታል። ቃሉ ተበላሽቶ ነው እንጂ የፈረንሳይኛው «ቧ ዳርክ» ነው፤ የደጋን እንጨት ማለት። ፈረንሳዮቹ ነጋዴዎች ይህን ስም የሰጡት የአገሩ ሰዎች፣ እነ ኦሴጅና ካዶ፣ በእንጨቱ ምን እንደሚሠሩ አይተው ነው።

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1804 ሜሪዌዘር ሉዊስ ወደ ምዕራብ ታዋቂ ጉዞውን ከመጀመሩ በፊት፣ ከሴንት ሉዊስ ለፕሬዚዳንት ጄፈርሰን የዚህን ዛፍ ቁራጭ ላከለት። ቁራጩን ያገኘው ከኦሴጆች ጋር ይነግድ ከነበረው ከፒየር ሹቶ የአትክልት ቦታ ነበር። በደብዳቤው ላይ ያሰፈረው ነገር ዋናው ጉዳይ ነው፦ የአገሩ ሰዎች ይህን እንጨት ለደጋን ከመውደዳቸው የተነሣ ፍለጋው በመቶዎች የሚቆጠር ማይል ያስኬዳቸዋል። ከ14 ዓመት በኋላ ቶማስ ነቶል የተባለ የዕፅዋት ተመራማሪ ለዛፉ ወገን ማክሉራ የሚል ስም አወጣለት፤ ለዊልያም ማክሉር መታሰቢያ። ማክሉር ጂኦሎጂስት ነበር። ከደጋን ጋር አይተዋወቅም።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። ለዚህ ዛፍ ግን ሁለት ስም ወጥቶለት፣ ስልኬ የሚያውቀው ስለ ዛፉ ምንም የማይነግረውን ነው።

ለመሆኑ ደጋኑ ምን ያህል ያወጣ ነበር? ጆን ብራድበሪ የተባለ ከብሪታኒያ የመጣ የዕፅዋት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1811 ሚዙሪ ወንዝን ሽቅብ ተጉዞ አሪካራዎች ዘንድ ደርሶ ነበር። እዚያ የዚህ እንጨት ደጋን ዋጋ አንድ ፈረስና አንድ ብርድ ልብስ እንደነበር ጽፏል። ዛፉ በተፈጥሮ የሚበቅለው ቴክሳስ፣ ኦክላሆማና አርካንሶ በሚገናኙበት በቀይ ወንዝ አካባቢ፣ ጠባብ ቦታ ላይ ነበር። ከዚያ እስከ አሪካራዎች አገር ከ1,200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ያ እንጨት ይህን ሁሉ መንገድ የሄደው ከእጅ ወደ እጅ ነው።

ምን ቢኖረው ነው? ደጋን ሲሳብ ወደ ውጭ ያለው ጀርባው ይለጠጣል፣ ወደ ተኳሹ ያለው ሆዱ ይጨመቃል። ብዙ እንጨት አንዱን ቢችል ሌላውን አይችልም፦ ወይ ጀርባው ይሰነጠቃል፣ ወይ ሆዱ ይደቅና ደጋኑ እንደጎበጠ ይቀራል። ይህ እንጨት ሁለቱንም ችሎ ተመልሶ ይፈናጠራል። ጥንካሬው ከነጭ ኦክ ሁለት እጥፍ ያህል ነው።

ታዲያ ጥሩ እንጨት ስላለ ብቻ ደጋን አይሠራም። ግንዱ በመጋዝ ሳይሆን በሽብልቅ ይፈለጣል፣ እንጨቱ የራሱን ጭረት ተከትሎ እንዲከፈል። እንዳይሰነጠቅ ጫፍና ጫፉ ይለቀለቅና እስኪደርቅ በትዕግሥት ይጠበቃል። ከዚያ ቅርፊቱና ከሥሩ ያለው ነጩ እንጨት ይላጥና ሠሪው አንድ የዕድገት ቀለበት ይመርጣል። ያ የአንድ ዓመት ዕድገት ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቆረጥ የደጋኑ ጀርባ መሆን አለበት። ቢላዋው አንድ ቦታ ላይ ቀለበቱን ከበሳ፣ ደጋኑ የሚሰበረው እዚያ ጋ ነው። ጉጥ ካለ ዙሪያውን ዞሮ፣ እንዳበጠ መተው ነው። ይህን ሁሉ የትኛውም ሳይንሳዊ ስም አይነግራችሁም።

ከዚያ የሆነው ነገር ይገርማል፣ ያሳዝናልም። የሽቦ አጥር ባልነበረበት ጊዜ ገበሬዎች እሾሁን አይተው ዛፉን ለአጥር በረድፍ ተከሉት፤ ከትውልድ ቦታው ወጥቶ እስከ ኢሊኖይና ካንሳስ ተስፋፋ። እ.ኤ.አ. በ1874 ጆሴፍ ግሊደን የእሾህ ሽቦውን የፈጠራ መብት ሲያስመዘግብ ደግሞ ዛፉ ተቆርጦ የሽቦው ቋሚ ሆነ፤ እንጨቱ መሬት ውስጥ ቶሎ አይበሰብስምና። ዳላስ ውስጥ ብዙ አሮጌ ቤቶች እስከ ዛሬ በቦዳርክ ምሰሶ ላይ ቆመዋል። ካዶዎች ግን እ.ኤ.አ. በ1859 ከቴክሳስ ተባረዋል። ኦሴጆችም በ1870ዎቹ መጀመሪያ ካንሳስን ለቀው ወደ ዛሬው ኦክላሆማ ሄደዋል። ዛፉ አገር ለአገር ሲተከል፣ ለምን እንደሚሆን ያስተማሩት ሰዎች ከመሬታቸው እየተነቀሉ ነበር።

እናቴ አዲስ አበባ ከተመለሰች በኋላ ደውዬ ይህን ሁሉ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና፣ «ስለዚህ ለደጋን ይሆናል በለኛ» አለች። የእሷ ደጋን ሌላ ነው፤ የጥጥ መንደፊያው። በአማርኛ ስሙም አንድ፣ አሠራሩም ያው ጎብጦ መፈናጠር ነው። የአያቴ ደጋን በሩ ኋላ ተሰቅሎ፣ ባዘቶው ወለሉ ላይ እንደ ደመና ተቆልሎ እኔም ትዝ ይለኛል።

«የሷስ ከምን እንጨት ነበር?» አልኳት።

ቆየት ብላ፣ «እሱን አባቴ ነበር የሚያውቀው» አለችኝ። «እሱ ነበር እየመረጠ የሚቆርጥላት። እኛ መቼ ጠየቅነው?»

አያቴ ካረፈ 12 ዓመት ሆኖታል። ደጋኑም ቤቱ ሲፈርስ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። ፎቶ እንኳ አላነሳነውም።