ማንን ጠየቃችሁ? — ስለ መጠይቅና ስለ ናሙና ታሪክ ጥቂት ቃል

የሰውን ሐሳብና ጠባይ አጠናለሁ የሚል ሁሉ አስቀድሞ የሚመልሰው ጥያቄ አለ፤ ማንን ጠየቅህ? ብዙዎቻችን ግን ስንት ሰው ተጠየቀ ብለን እናልፋለን። ቁጥሩ ከበዛ እውነቱ የቀረበ ይመስለናል። ታሪኩ እኮ እንዲያ አይልም።

እ.ኤ.አ. በ1936 «ሊተራሪ ዳይጀስት» የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ሰብስቦ ላንደን ይመረጣል አለ። ሩዝቬልት ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን ወሰደ! ለምን ቢባል፣ መጠይቁ በብዛት የተላከው በስልክና በመኪና መዝገብ ላይ ለተገኙ ሰዎች ነበር፤ ከእነሱም መልሶ የጻፈው ጥቂቱ ነው። ድኻው ከመዝገቡ ውጭ ነበር።

ወደ አገራችን እንመለስ። አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ዶናልድ ሌቪን በ1950ዎቹ መጀመሪያ ለሁለተኛ ደረጃና ለኮሌጅ ተማሪዎች መጠይቅ አድሎ የወጣቱን አስተሳሰብ መረመረ። ያገኘውንም እ.ኤ.አ. በ1965 በታተመው «ሰምና ወርቅ» በተባለው መጽሐፉ ጻፈ። ተማሪ ፊደል ቆጥሯል፤ በሰዓቱ ክፍል ይገኛል፤ ወረቀቱን ሞልቶ ይመልሳል። የገበሬውን ኑሮ ለማወቅ ግን ሌቪን ራሱ መንዝ ድረስ ሄዶ ከሕዝቡ ጋር ተቀምጧል። የተማሪ መልስ የተማሪ መልስ ነው፤ የአገሩ ሁሉ ነው ብሎ የሚያነብ ይሳሳታል።

ታዲያ ከስድስት ኪሎ ቀና ብለን እንጦጦን እንይ። ከተራራው የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮንና ወደ ሌሎች የየካ ሰፈሮች የሚወርዱ እናቶች ከቤት የሚወጡት በማለዳ ነው። እንበልና አንድ ጠያቂ በዕጣ የወጣለትን ቤት ረፋድ ላይ ቢያንኳኳ፣ የሚያገኘው ቤት የዋለውን ሰው ነው። እናትየው የለችም ብሎ ጎረቤት ከገባ ደግሞ ዕጣው እዚያው ተበላሸ። መድኃኒቱ አመሻሽ ላይ ተመልሶ መሄድ ነው። ያደክማል፤ ጊዜና ገንዘብም ይፈጃል፤ ሌላ መንገድ ግን የለም።

ይህን ጉድለት ከልብ ያሰበበት ሥራ በቡታጅራ ተሠርቷል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ለማግኘት ከ68 ሺህ በላይ ጎልማሶች በየቤታቸው ተጠየቁ። ተመራማሪዎቹ በዚህ አልረኩም፤ አካባቢውን ጠንቅቀው የሚያውቁ ሰዎችንም የታመመ እንዲጠቁሙ አደረጉ። በመጠይቁ ያልታዩ በጥቆማ ተገኙ፤ በጥቆማ ያልታወቁም በመጠይቁ ወጡ። አንዱ ዘዴ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ስንቱ ሕመምተኛ ከመዝገብ ይቀር ነበር!

ነገሩ የወረቀት ጉዳይ አይደለም። ሐኪም የሚመደበው፣ መድኃኒት የሚላከው እንዲህ ያለውን ቁጥር አይቶ ነው። እኛም ነገ መጠይቅ ይዘን ስንወጣ፣ የሞላነውን ወረቀት ከመቁጠራችን በፊት ማንኳኳት የቀረንን በር እንቁጠር።